ማስኬጃና ተሰኪ፦ የትኛው ዝማኔ ያስፈልገናል?

ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ሎጎ ሐይቅ ይገባል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገደኛ ታችኛውን ሐይቅ ያደንቃል፤ ከላይ ያለውን መጋቢ የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው። በኮምፒውተር ውስጥ የአርዲቦን ቦታ የያዘው «ራንታይም» የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ከፍተን የምንሠራበት የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራም ፊት ለፊት ይታያል፤ ከኋላው ሆኖ የሚያስፈልገውን እያቀበለ የሚያስኬደው ግን ራንታይሙ ነው። ስለዚህ «ማስኬጃ» ብንለው ይስማማዋል። ጃቫ፣ ዶት ኔትና ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙን ማስኬጃዎች ናቸው።

«ፕለግኢን» ደግሞ ብራውዘር በራሱ የማይችለውን ሥራ እንዲሠራ የሚሰካበት ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፤ «ተሰኪ» ይባላል። አፕዴቱን ዝማኔ እንበለው።

በሐይቅ ከተማም ሆነ በደሴ ኢንተርኔቱ በጥቅል በሚገዛበት ቢሮ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት «አዘምነኝ» የሚል መልእክት ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሁሉን መቀበል ዳታ ይጨርሳል፤ ሁሉን መዝጋት ደግሞ ለቫይረስ በር ይከፍታል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ይህን የሚፈልግ ፕሮግራም አለኝ ወይ የሚለው ነው።

ለተሰኪዎች መልሱ አጭር ነው፦ ዛሬ አያስፈልጉም። ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017 እ.ኤ.አ. የጃቫን ተሰኪ መቀበል አቁመዋል። አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ተሰኪውን መደገፍ ያቆመው ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጥር 4 ጀምሮ በፍላሽ የተሠራ ይዘት እንዳይከፈት አግዷል። የማይክሮሶፍት ተሰኪ ሲልቨርላይትም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አበቃ። እንግዲህ «ፍላሽዎ አርጅቷል፣ ያዘምኑ» የሚል ገጽ ቢመጣ ውሸት ነው፤ ከጀርባው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ፍላሽ አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ይጥፋ። በአንጻሩ የብራውዘሩ የራሱ ዝማኔ መዘለል የለበትም፤ ከማንም በላይ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው እሱ ነውና።

ማስኬጃ ላይ ግን ሰከን ማለት ይገባል። የጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለውን የመረጃ ሥርዓት እንውሰድ። ሥርዓቱ የተሠራው በጃቫ ነው፤ ሆኖም በብራውዘር ገብቶ ሪፖርት የሚያስገባው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ላይ ጃቫ አያስፈልገውም፤ ጃቫው ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ እዚያው ተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ግን ጃቫ የግድ ነው፤ ያውም ለዚያ እትም የሚስማማው። ያለ ባለሙያ ምክር ወደ አዲሱ ጃቫ ማሸጋገር ሥርዓቱን ሊያስቆመው ይችላል። አንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት የተለያየ ውሳኔ።

ዶት ኔትም የራሱ ጠባይ አለው። 4.8 ከሱ በፊት የነበሩትን የ4 ተከታታዮች ስለሚተካ አንዱ ይበቃል፤ ዝማኔውም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ለ3.5 የተሠራ የቆየ ፕሮግራም ግን በ4.8 ላይ እንዲሁ አይነሳም። ዊንዶውስ 3.5 ይጫን ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት ተገቢ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ 2008፣ 2010፣ 2013 እያለ ሲደረደር የተደጋገመ ይመስልና «ላጽዳ» ያሰኛል። አይነካ! ከ2015 ወዲህ ያሉት ወደ አንድ ተጠቃልለዋል፤ የቀደሙት ግን እያንዳንዳቸው በዚያ እትም ለተሠሩ ፕሮግራሞች ያገለግላሉ። በዝርዝሩ ላይ 32 ቢትና 64 ቢት ለየብቻ መኖራቸውም ስሕተት አይደለም።

ጃቫን የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሌለ ጃቫን ማጥፋት ከማዘመን ይሻላል፤ የሌለ ሶፍትዌር አይጠቃም፣ ዳታም አይበላም። ካለ ደግሞ ሙሉውን መጫኛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ለቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ማዳረስ ይቻላል። ፍላሽ ዲስኩ ግን በተሰካ ቁጥር በአንቲቫይረስ ይፈተሽ።