አዋሳኝ ሳይጠራ የቆመ ድንጋይ



ዘንድሮ ስለ ወሰን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የቀብር ቀን ነው። ከሟቹ ጋር አጥር ለአጥር የኖረ ጎረቤት ስሙን አስመዝግቦ፣ ከድንኳኑ ሳይገባ ተመለሰ። ምነው ብንለው፣ «ከስምንት ዓመት በፊት ኩሽናውን ሲሠራ፣ ነገ መሠረት ላስቆፍር ነው ብሎ አልነገረኝም። የጣራው ውኃ እስከ ዛሬ በኔ ግድግዳ ላይ ነው የሚወርደው» አለን። የአንድ አሸንዳ ነገር ሁለት ቤት አኳረፈ።

እኛ መዝገብ ቤት ውስጥ ያረጀን ሰዎች ነንና የድሮውን የቤት ሽያጭ ውል አገላብጠናል። ክንዱ ይሳሳታል፤ ያንዱ ክንድ ረዥም፣ የሌላው አጭር ነው። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ» የሚለው ግን አይሳሳትም፤ እገሌ ተጠርቶ ቆሞ አይቷልና። በገጠሩም እንዲሁ ነበር። አብዛኛው የጎጃም ርስት ቃላድ አልነካውም፤ ወሰኑን የሚያውቁት ድንበርተኛውና ሽማግሌው ነበሩ።

ታዲያ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ አውራጃው ሲወጡ፣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ «ርስቴን ሊለኩብኝ ነው» ብሎ ጠመንጃ አነሣ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ኋላም ውዝፉ ግብር ተማረ። ነገሩ የግብር ብቻ አልነበረም። ባልተጠራበት መሬቱን ሌላ ሰው ሲገምትበት ማን ዝም ይላል?

ሕጉም ቢሆን ጎረቤትን ፈጽሞ አልረሳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ ሽታው፣ ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። ይኸ ግን ጉዳቱ ሲደርስ የሚነሣ ክስ ነው፤ «አስቀድመህ ንገረው» አይልም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆንም ለመኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ተፈቀደ፤ ባለርስቱ ባለይዞታ ተባለ። አጥሩ ግን ያው አጥር ነው፣ ጎረቤቱም ያው ጎረቤት።

ደስ የሚለን የጎዛምን ነገር ነው። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር፣ ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ይኸው ደብረ ማርቆስን የከበበው ጎዛምን ነበር፤ ሌላው ደሴ ዙሪያ። ሕዝቡ ኮሚቴውን ራሱ መረጠ። ማሳው ሲለካ አዋሳኞቹ ተጠርተው በወሰኑ ላይ ቆሙ። ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲናገር በሕዝብ ፊት ቀረበ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ (ይኸም ለብዙ እናቶች ትልቅ ነገር ነው)፣ የአዋሳኞቹም ስም ተጻፈ። በ1960 ገማች አላስገባም ያለው አገር፣ ልጆቹ ገመዱን ራሳቸው ያዙ። ልዩነቱ መጠራቱ ነው እንላለን።

በከተማ ግን ፕላኑ ከፍቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ሲደርስ ጎረቤት ገና ወሬውን አልሰማም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው በዶማው ድምፅ ነው።

የሟቹ ልጅ፣ ዐርባው ሳይወጣ፣ ያንን ጎረቤት ጠርቶ ግድግዳውን አብረው አዩት። አሸንዳው ተገዝቷል፤ ይኸን ስንጽፍ ገና አልተሰቀለም።