ቅሬና ቀበሌ በላስታ ላሊበላ

ማኅበር የሚለው ቃል ኀበረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ኀበረ ማለትም ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። ቀበሌ ደግሞ በአባቶቻችን አነጋገር የአቅጣጫና የሰፈር ስም ነበረ፤ «በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች» ለማለት ይነገር ነበር እንጂ መዝገብና ማኅተም ያለው ጽሕፈት ቤት አልነበረም። እነዚህ ሁለት ቃላት በ1967 ዓ.ም. በአንድ ዐዋጅ ተጋቡ። ከዚያ በፊት በላስታ ምድር የጎረቤትን ጉዳይ ማን ይዞት እንደ ነበረ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ለማስታወስ ይህን ጽፈናል።

በሸዋ ዕድር የሚባለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል፤ ሰብሳቢውም የቅሬ ዳኛ ይባላል። ስለ ዕድር የጻፉ ሰዎች ነገሩ በአዲስ አበባ የተስፋፋው በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው ይላሉ፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ሲሞት የሚቀብረው ያስፈልገው ነበርና። በላስታ ገጠር ግን የቅሬ ጠባይ ከዚህ ይለያል። በዚያ ቅሬ ዘመድ ያጣ ሰው የሚጠጋበት ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ መንደር ያለ ሰው ሁሉ፣ ዘመድም ባዕድም፣ የታሰረበት ግዴታ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ወንዱ መቆፈሪያ ይዞ ይወጣል፤ ሴቲቱ እንጀራና ንፍሮ ታዘጋጃለች። ያልተገኘ መቀጫ ይከፍላል፤ ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣትም ከሹም ቅጣት ይልቅ ይፈራል፤ ሹም የሚቀጣው በሕይወት ያለውን ሰው ነው፤ ከቅሬ የወጣ ግን ሬሳውን ማን እንደሚያነሣለት አያውቅም።

የቅሬ ሥራ በመቅበር ብቻ አይቆምም። የላስታን ተራራና ገደል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የላሊበላ ከተማ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር የታመመ ሰው ወደ ጠበል፣ በኋላም ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። ቃሬዛውን በአንድ ጊዜ አራት ሰዎች ይሸከማሉ፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ግን በየዳገቱ የሚተካኩ ሌሎች ብዙዎች ያስፈልጋሉ። ተሸካሚው የሚወጣው በቅሬ ተራ ነው። እንግዲህ የከተማ ሰው «መጓጓዣ» የሚለው ነገር በላስታ በመጀመሪያ የጎረቤት ትከሻ ነበረ።

መኪና ከመጣ በኋላም ትከሻው አላረፈም። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ የሚያልፈውን ትልቅ መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ሠርተውታል፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገባው መንገድም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማይቱ በታች በሹምሸሃ ሜዳ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በአንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሹምሸሃ ሲደርስ፣ በተራራው ላይ ምጥ የያዛት ሴት መኪና ወደሚቆምበት ስፍራ ለመድረስ ግማሽ ቀን በቃሬዛ ላይ ልትቆይ ትችላለች። መንገድ መሠራቱ ቃሬዛን ከሥራ አላስወጣውም፤ የሚያርፍበትን ቦታ አሳጠረለት እንጂ።

ስለ ቤትም እንዲሁ ነው። የላሊበላ የጥንት ቤት ከቀይ ድንጋይ በጭቃ የተሠራ፣ ክብ፣ ክዳኑ ሣር፣ ብዙ ጊዜም ባለ ደርብ ነው፤ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው በውጭ ባለው የድንጋይ ደረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን አይሠራውም። ድንጋዩን የሚያመጣ፣ ጭቃውን የሚረግጥ፣ እንጨቱን የሚያቆም ሰው በደቦ ይጠራል፤ ባለ ቤቱ ጠላና እህል ያቀርባል፤ ነገ ሌላው ሲሠራ እርሱም በተራው ይሄዳል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግን ድግስ አይጠየቅም፤ ያን ጊዜ ቅሬው በራሱ ስንቅ ይሠራለታል።

በልደት በዓል ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ምእመን እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ማሳደርም የከተማይቱ ሰው ልማድ ነው። ይህ የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመውም።

አሁን ወደ 1967 ዓ.ም. እንመለስ። በየካቲት 25 ቀን የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ ካህናት የሚተዳደሩበት የሰሞን መሬትም በዚያው ቀረ። ገበሬው በቢያንስ 20 ጋሻ ስፋት በሚከለል የገበሬ ማኅበር እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያም ከ500 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ቦታ እንዳይዝ ተወሰነ፤ የዝቅተኛ ቤት ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። የከተማ ነዋሪዎችም በየቀበሌው እንዲደራጁ ተደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ኪራይ ይህ ማኅበር እንዲሰበስብና ገንዘቡን ለመንገድ፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለገበያና ርካሽ ቤት ለመሥራት እንዲያውለው ሥልጣን ተሰጠው። ጥቃቅን ክርክር የሚዳኝ የፍርድ ሸንጎም ቆመ።

የዐዋጁን ቃል በቅን ልብ ያነበበ ሰው ሐሳቡን ሊነቅፈው አይችልም። ጎረቤት የከፈለው ገንዘብ ለጎረቤት መንገድ ይዋል ማለት ከቅሬ አሳብ የራቀ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከዐዋጁ በፊት ገንዘብ አዋጥተው የሰፈራቸውን መንገድ ማስጠረግ ጀምረው ነበር። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 104 ማኅበሩ ቀበሌ፣ ከፍተኛ፣ ከተማ እየተባለ በደረጃ ወደ ላይ ተያያዘ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድም ጠመንጃ ታጠቀ። ስለ መንገድና ስለ ጉድጓድ ሊመክር የተሰበሰበው የጎረቤት ጉባኤ ጎረቤቱን የሚያስርና የሚመረምር ሆነ፤ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሆነውን ሁሉም ያውቃል። የኪራዩ ገንዘብም ብዙ ጥቅም አልሰጠም። ኪራዩ በዝቅተኛ ዋጋ ታግዶ ስለ ቀረ ቤቱን ለማደስ አልበቃም፤ የሚከራየውም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አላደሰውም፤ ጣራው በሁለቱ መካከል ፈረሰ።

እኔ በልጅነቴ ባደግሁባት አንዲት ትንሽ ከተማ የቀበሌ ስብሰባ በእሑድ ጧት ይደረግ ነበር። አባቴ ካህን ነበሩና ቅዳሴ ሳይፈጸም አይወጡም፤ በዘገዩ ቁጥር ስማቸው ከቀሪዎች ጋር ይጻፍ ነበር። አንድ ቀን ጸሓፊው «አባ፣ ለምን ቀደም ብለው አይመጡም?» ሲል ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ትናንት አባትህን ስንቀብር ማንም ሰው ሳይጠራው በጊዜው መጣ፤ ዛሬ ግን መጥሪያ ልካችሁም ሰው ጎደለባችሁ» ብለው መለሱለት። ጸሓፊውም ቅር ሳይለው ስማቸውን ሰረዘው። ሁለቱም የአንድ ዕድር ሰዎች ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ ቀበሌ የመንግሥት ታችኛው አስተዳደር ሆኖ ቀጠለ፤ የተወረሰው ትርፍ ቤትም በአጠቃላይ ለባለ ቤቱ አልተመለሰም። ቅሬ ግን ሲሾምም ሲሻርም በቦታው ነበረ፤ ዐዋጅ አላቆመውምና ዐዋጅ አላፈረሰውም።

በላሊበላ የቤት ጉዳይ በሌላ መንገድ ደግሞ መጣ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በዚያ ዓመት በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ስፍራዎች መካከል ናቸው። ቅርሱን ለመጠበቅ በዙሪያው ያለው መንደር እንዲነሣ አሳብ ቀረበ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚካሄደው የቱሪዝም ሥራ ብዙ ቤተ ሰቦች ተነሥተው ኩራኩር ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ባለ ደርብ ከሆኑት የድንጋይ ቤቶች አያሌዎቹ ቅርስ ናቸው ተብለው ተጠበቁ፤ ታደሱም። እኛ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንታዘባለን፤ ቤቱ ተጠብቆ በደቦ የሠራው ሰው ሲነሣ፣ የቀረው ግድግዳ ነው። ለተነሡት ካሣና ቦታ ተሰጥቷል፤ የዓለቱም ውኃ መውረጃ ከሰው መኖሪያ መለየቱ ይጠቅማል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ካሣ ሲተመን ግድግዳና ጣራ ይቈጠራል እንጂ ቃሬዛ የሚሸከመው ጎረቤት አይቈጠርም። ከተነሡትም ብዙዎቹ ያዘኑት ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያና ከጎረቤት በመራቃቸው ነበር።

በጭንቅ ጊዜ ይህ ነገር ይበልጥ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ከተማይቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወደ መንግሥት ተመለሰች፤ እንደ ገናም ተይዛ በታኅሣሥ ተለቀቀች። መብራትና ባንክ ተቋርጦ፣ እንግዳ ቀርቶ፣ በቱሪስት የሚኖረው ሕዝብ ባዶ እጁን ተቀመጠ። በእነዚያ ወራት የሞተ ሰው ያለ ማኅተምና ያለ ደብዳቤ ተቀበረ።

ከጦርነቱ በኋላ በዚያ ባለፍሁ ጊዜ አንድ የቅሬ ዳኛ መዝገባቸውን አሳዩኝ። ወደ ኩራኩር የሄዱት ሰዎች ስም በቀድሞ ሰፈራቸው ሥር እንደ ተጻፈ ነው። ርቀቱ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ከሩቅ የሚመጡት በመዘግየት እንዳይቀጡ ሬሳው ከቤት የሚወጣበት ጊዜ በአንድ ሰዓት እንዲገፋ ሁሉም ተስማምተዋል፤ ቃሬዛውም ሁለት ሆኗል፤ አንዱ በላይ አንዱ በታች ሰፈር ይቀመጣል።