ስለ ሴቶች ንቅሳት

ነቀሰ የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ተቃራኒ የሚመስል ምሥጢር አለው፤ እሾህን ከሥጋ በመርፌ ማውጣትም ነቀሰ ይባላል፤ ቀለምን ወደ ሥጋ በመርፌ ማግባትም ነቀሰ ይባላል። ይህ ለባለ ቅኔ ደስ የሚያሰኝ ኅብር ነው፤ ለምትነቀሰው ልጅ ግን ሕመሙ በሁለቱም ወገን አንድ ነው።

በደጋው አገር፣ በትግራይ፣ በጐንደር፣ በጎጃምና በወሎ፣ ነቃሿ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነበረች። ጥላሸት በጥብጣ ቆዳውን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ጥቍሩን ታሰርገዋለች፤ ቍስሉም ሲሽር ሰማያዊ መልክ ያወጣል። ድድ የሚነቀሰው ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው። በአንገት ዙሪያ በረድፍ የሚነቀሰው ደግሞ የማይወልቅ፣ ሌባም የማይሰርቀው፣ ባል ሲቸገር የማይሸጠው ድሪ ነው። እነዚህ ጌጥ ናቸው።

የግንባሩ መስቀል ግን ከጌጥ በላይ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ሰውነትን መንቀስ መከልከሉ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ክልከላው ስለ ሙታን ሥጋን ከመቍረጥ ጋራ ተያይዞ የተነገረ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 9 በግንባር ላይ ስለሚደረግ ምልክት ይናገራል፤ የግብጽ ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ በቀኝ አንጓቸው መስቀል ይነቀሳሉ። ስለዚህ ባላገሪቱን እናት ሕግ አፍራሽ ማለት ችኰላ ነው። ይሁን እንጂ የክርስቲያን ማኅተሙ ጥምቀትና ሜሮን እንጂ ጥላሸት አይደለም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ብዙዎች የተነቀሱት እሺ ወይም እንቢ ለማለት በማይችሉበት በሕፃንነታቸው ነው። በክርስቲያኖች መካከል ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶች ግንባራቸው መስቀል የተነቀሰ ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወገኖቻቸው ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ በመንደር ከጎረቤት ጋራ ያመሳስል የነበረው ምልክት በአዲሱ አገር የሚያሳፍር ሆነ። አንዳንዶቹ ሻሻቸውን ወደ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው አሰሩ፤ ሌሎቹም ወደ ሐኪም ቤት ሄደው በሌዘር ብርሃን አስጠፉት።