የጠመንጃው መንገድ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይኼን ይዩልኝ። ከኢትዮጵያ የመጣ ጠመንጃ ነው ይላሉ። ሕጋዊ ነው ወይስ ማጭበርበሪያ?»

ሰደፉ የጠቆረ፣ ብረቱ የዛገ የጣልያን ቬተርሊ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ልጁ የጠየቀኝ ስለ አንድ ዕቃ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ከሥሩ ካልጀመርሁ መልሱ አይመጣልኝም።

አያቴ ቡልጋ ውስጥ ምሰሶ ላይ የሚሰቅሉት ውጅግራ ነበራቸው። ልጅ ሳለሁ ቃሉ ጥንት አማርኛ ይመስለኝ ነበር። «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ትርጉሙም «ግራ የተባለው ሰው ጠመንጃ» ከሆነው እንደመጣ ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር፣ በልጅግም ከቤልጅግ አገር የመጡ ስሞች ናቸው። በቀረርቶና በሽለላ የምንጠራቸው ስሞች የአንድ ትልቅ ንግድ መዝገብ ናቸው።

ንግዱን ያቀጣጠለው የአውሮፓ ጦሮች ፉክክር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከአፉ የሚጎረሰው ጠመንጃ ቀርቶ ከኋላው የሚጎረሰው መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ደጋግሞ የሚተኩሰው ተከተለ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለችውን ግራ በ1886 በለበል ተካችው። የተጣለው ክምር ገዢ ይፈልግ ነበር፤ በኤደን፣ በኦቦክና በታጁራ በኩልም በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ።

ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነበር። ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ላይ ወራት ከተጉላላ በኋላ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ መሆናቸውንና ቤልጅግ ውስጥ ሊዬዥ ከተማ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ተገዝተው ለንጉሥ ምኒልክ በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ምኒልክ ግን የዋዛ ገዢ አልነበሩም። ዋጋውን አስቀነሱ፤ የሞተውን ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ቆረጡ፤ ለቀሪው ገንዘብ ወደ ሐረር፣ ወደ ገዢው መኮንን፣ የክፍያ ወረቀት ሰጥተው ላኩት።

«ሕጋዊ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር። ራምቦና ላባቱ ታጁራ ሳሉ የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ እንዳያልፍ ስለከለከለ በ1886 ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤት ብለዋል። የ1890ው የብራሰልስ ስምምነት የባሪያ ንግድን ለማጥፋት በሚል ወደ ሰፊው የአፍሪካ ክፍል የሚገባውን ጠመንጃ ገደበ። በ1935 ጣልያን ልትወርረን ስትዘጋጅ ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ፈቃዱ በሌሎች እጅ ሲሆን ሕጋዊነት ሁልጊዜ ፍትሕ እንዳልነበረ አያቴ በውጅግራቸው አውቀውታል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የብዙዎቹ ጣልያኖች መሣሪያ ቬተርሊ ነበር። ድል ሲሆን በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃና 56 መድፍ በእኛ እጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤልጅግ የመጡት አጫጭር ማውዘሮች የይሁዳ አንበሳ ታትሞባቸው ገቡ። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሸነፉም ካርካኖ የተባሉትን ጠመንጃዎቻቸውን ትተው ሄዱ። ዛሬ በስልክ የሚታየው ክምር ይህ ሁሉ የተደባለቀበት ነው።

ስለዚህ ለልጁ ጥያቄውን ለሁለት ከፈልሁለት። አንዱ ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ከግዛት ወደ ግዛት ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ያልፋል፤ ከውጭ የገባም ከሆነ ያስገባው ድርጅት ስሙን ብረቱ ላይ ይቀርጻል። ግዛቶቹም የየራሳቸውን ሕግ ይጨምራሉ። አገር ቤት ላለው ዘመዳችን ልላክለት ቢል ደግሞ የሚጠብቀው ሌላ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ሁለተኛው እውነት ነው። በዚያው ቀን አንድ ሻጭ ካርካኖ አቅርቦ «አድዋ የዋለ» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎት አየን። ፎቶውን አጉልተን የበርሜሉን ዓመት አነበብን፤ 1937 ይላል። አድዋ ላይ የወደቁት ሰዎች ስም የማንም ገበያ ማሞቂያ ሲሆን ደሜ ይፈላል። ወረቀቱ የተሟላ ሆኖ ታሪኩ ሐሰት ከሆነ፣ ለእኔ ያ ዕቃ ሕጋዊ አይደለም።

የቬተርሊውን ሻጭ የበርሜሉንና የሰደፉን ፎቶ ጨምሮ እንዲልክ ጠየቅነው። ብረቱ ላይ 1883 ተጽፏል። ስለ ሰደፉ ሻጩ «በግራ በኩል ጥቂት ጭረት አለው» ብሎ ነበር። ልጁ ስልኩን አዙሮ ሲያሳየኝ ጭረት አልነበረም። በጩቤ ተጠንቅቆ የተቀረጸ የግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፪፻፲፯።

ለሻጩ ምን እንደሆነ ጻፍንለት፤ ማስታወቂያውንም አረመ። ልጁ ጠመንጃውን ገዛው። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ዓመቱን፣ ፋብሪካውን፣ ዋጋውንና ያን ቁጥር መዘገብሁ። የባለቤቱን ስም የምጽፍበት መስመርም ባዶ ተውሁ።