ቀዩን ቁልፍ ከመጫንህ በፊት

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ቆሜ ትንሽ ቀይ ቁልፍ እጫን ነበር። የሕንፃው ኤሲ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። ቁልፉን ስጫነው ይነሳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሶ ይጠፋል። ለሦስተኛ ጊዜ ልጫን ስል ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ምን እያለህ ነው?»

«ማን?»

«ማሽኑ ነዋ!»

ማሽኑ የሚለው ግልጽ ነበር፤ ግፊት በዝቶበታል። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፣ ሙቀት ነው የሚያጓጉዘው። ከክፍሉ ሙቀት የወሰደው ጋዝ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ይጨመቅና ጣሪያ ላይ ወዳለው ኮንደንሰር ይሄዳል። እዚያ ፋኑ ንፋስ እየነፋበት ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ሙቀቱን የሚረከበው ሲያጣ ግፊቱ ይወጣል፤ ልኩን ሲያልፍ መቆጣጠሪያው ማሽኑን ያቆመዋል። ቀዩ ቁልፍ ያንን ፍርድ መሻሪያ ነው። ምክንያቱን ሳይፈልግ ደጋግሞ የሻረ ሰው መጨረሻ ላይ ኮምፕረሰሩን ያቃጥላል።

የዚህን ሙያ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ዊሊስ ካሪየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት በእርጥበት የተነሳ ወረቀቱ እየተለጠጠ ቀለሞቹ አልገጥም ብለውት ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ የአየሩን እርጥበት የሚቆጣጠር ዘዴ ነደፈለት። ዘመናዊው ኤሲ የተወለደው ለወረቀት እንጂ ለሰው ምቾት አልነበረም ማለት ነው። ጨምቆ ማቀዝቀዝ ራሱ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ጄኮብ ፐርኪንስ በኤተር የሚሠራ ማሽኑን እንግሊዝ አገር ያስመዘገበው በ1834 ነው።

ችግሩ ጋዙ ላይ ነበር። ኤተር ይቀጣጠላል። በኋላ የመጡት አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲያፈተልኩ ሰው ያንቃሉ፤ ሜቲል ክሎራይድ ይመርዛል። በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከማቀዝቀዣ ባፈተለከ ጋዝ ማለቁን አንብበው ነው ይባላል፣ አልበርት አንስታይንና ሊዮ ሲላርድ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ማቀዝቀዣ ወደ መፈልሰፍ የገቡት። አዎ፣ ያው አንስታይን!

መፍትሔው ግን ከሌላ በኩል መጣ። ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1928 አዲስ የጋዝ ዘር አገኘ፤ ገበያ ላይ ፍሪዮን ተባለ። ሚጅሊ በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ወደ ውስጥ ካስገባ በኋላ ሻማ ላይ እፍ ብሎ አጠፋበት። አይመርዝም፣ አይቀጣጠልም። ጉባኤተኛው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

መልሱ የመጣው በ1974 ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ እነዚህ ጋዞች ሳይበሰብሱ ወደ ላይ ወጥተው፣ በውስጣቸው ያለው ክሎሪን ኦዞንን እንደሚበላ ጻፉ። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። እኛ ስንሠራበት የነበረው አር-22 ከቀደሙት የተሻለ ቢሆንም ክሎሪን አለበት። ተተኪው አር-410ኤ ክሎሪን የለበትም፤ ግን 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አር-22 ግፊቱ 235 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን የእሱ 380 ይደርሳል። ምድርን በማሞቅም ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በ2016 አገራት ኪጋሊ ላይ እንደገና ተሰበሰቡ፤ እነዚህንም ለመቀነስ ተስማሙ።

ሚጅሊን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ጣሪያው ላይ ልመልሳችሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ኮንደንሰሩን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ፋኑ በትክክል ይዞራል። ቀጥሎ ኮምፕረሰሩን አጥፍተው ፋኑ ብቻ እንዲሠራ አደረጉና ኮንደንሰሩ ከውጭ አየር ጋር እኩል እስኪሆን ጠበቅን። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ አለ። በዚያ ሙቀት የአር-22 ሰንጠረዥ 137 ፒኤስአይ ይላል። የእኛ ጌጅ 165 ላይ ቆሟል።

«ከፍታው ይሆናላ፣ ጋሼ» አልኩ ቶሎ ብዬ። እውነትም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጌጁ ከፍ አድርጎ ያነባል።

«ከፍታው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ይጨምራል» አሉ። «ሃያ አምስቱን ማን አመጣው?»

ዝም አልኩ። ያመጣው አየር ነው። ቱቦ ውስጥ የቀረ አየር ፈሳሽ አይሆንም፤ ኮንደንሰሩ ላይ ቦታ ይዞ ተቀምጦ የራሱን ግፊት በጋዙ ግፊት ላይ ይደምራል። ይሄ የጆን ዳልተን ሕግ ነው፤ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። አየሩ እንዴት ገባ? ከሁለት ሳምንት በፊት ያንን ማሽን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ደንበኛው «ሞቀን፣ ቶሎ በል» ሲለኝ ቫኪዩም ፓምፑን 10 ደቂቃ ብቻ አሠርቼ ጋዝ ሞላሁ። ማሽኑ ቀዘቀዘ፣ ደንበኛው አመሰገነኝ፣ ወረድኩ። የዚያን ቀን ችግር ፈትቼ የሁለት ሳምንት በኋላውን ተከልኩ። ሚጅሊም የዘመኑን ችግር ነው የፈታው።

ጋሼ አልተቆጡም። «ደወሉን ዝም አሰኘኸው እንጂ ሌባውን አልያዝከውም» ብቻ አሉኝ።

የባሰው ግን ቀጥሎ ያደረግነው ነው። ጋዙን መልሶ መሰብሰቢያ ማሽን አልነበረንም። ቫልቩን ከፈትነውና አር-22ቱ እየጮኸ ወደ ሰማይ ወጣ። ከዚያ በሥርዓቱ ቫኪዩም አድርገን አዲስ ሞላን፤ ኤሲው ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጣሁ።

ዛሬ መሰብሰቢያው አለኝ። የቫኪዩሙን ንባብ በእርሳስ የማሽኑ በር ላይ እጽፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ እንዲያየው። ከዚያ ቀን 10 ዓመት አልፏል። አር-22 አየር ላይ በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ይቆያል። ካፈሰስነው ውስጥ ገና እዚያው ላይ ያለ አለ።