የግራ ክንድ

ስሙማ! ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከደሴ ተነስታችሁ የለጋምቦን ብርድ አልፋችሁ፣ አቀስታን ተሻግራችሁ መካነ ሰላም ስትገቡ አገሩ ቦረና ይባላል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ይጀምራል። የአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አገር ይህ ነው።

አትሮንስ ምን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዱስ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት ማኖሪያ ነው፤ ዙፋንም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ አፄ በእደ ማርያም ናቸው፤ ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሡት። ስማቸውን ልብ በሉልኝ፦ «በማርያም እጅ» ማለት ነው። የነገሥታት ማረፊያ አደረጓት። እንግዲህ የካህናቱ ሥራ ኪዳን ማድረስና መቀደስ ብቻ አልነበረም፤ የሞቱትን በስማቸው እየጠሩ ለነፍሳቸው መለመን፣ አገር እንዳይረሳቸው መጠበቅም ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በ1470ዎቹ መጀመሪያ ግድም ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ወደ አገራችን መጣ። ለአትሮንሰ ማርያምም እመቤታችንን ልጇን እንዳቀፈች ሳለ። ያቀፈችው ግን በግራ ክንዷ ነው! በአገሩ ልማድ እንዲያ ነበር የሚሳለው። የኛ ሰው ሲነጋ «ቀኝ አውለኝ» ብሎ የሚወጣ፣ በግራ እጅ ቡና እንኳ የማያቀብል ሰው ነው። ጌታን በግራ? ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሥዕሏ ትጥፋ ተባለ። ከጥፋት ያዳኗት የጊዜው ንጉሥ ናቸው። እኔ በዚያ ቁጣ አልፈርድም፤ የሚወደውን ነገር ክብር የማይጠይቅ ማን አለ?

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቦታው ላይ ደረሰ። አብሮ የዘመተው ጸሐፊያቸው ዐረብ ፋቂህ ወርቁን፣ ሐሩን፣ ከፋዩን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከዚያም እሳቱን። ይህን የማወራው ቂም ልቀሰቅስ አይደለም። የዛሬው ቦረና ክርስቲያኑና እስላሙ በጋብቻ የተሳሰረ፣ ለቅሶና ሠርጉ አንድ የሆነ ሕዝብ ነው።

 

የብራንካሊዮን ሥዕልስ? ከብዙ ዘመን በኋላ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው እስከ 1701 ዓ.ም. ግድም ቆይታ፣ ያን ጊዜ በተነሳ ጦርነት ጠፋች።

አሁን ግን ወደ አጥቢያችሁ ሂዱ። መጋረጃው ገለጥ ሲል ምስለ ፍቁር ወልዳን እዩ፤ ቀና ብላችሁ አስተውሉ። በነጭ ነጠላ የተጠቀለሉ እናት ከፊቷ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እመቤታችን ሁለት ጣቶቿን ዘርግታለች፤ መሐረቧን ይዛለች። ልጇ በግራ ክንዷ ላይ ተቀምጧል። በእጁም መጽሐፍ አለ።