ክሩ የማን ነበር?

የይፋት ሽመና ሲነሳ የሚወደሰው ሸማኔው ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በንብረት ክፍል፣ ገቢውን በሞዴል 19 ወጪውን በሞዴል 22 ስመዘግብ የኖርኩ ነኝና ቀድሜ የምጠይቀው ክሩ የማን እንደነበር ነው።

የፈታይዋ ነበር። ቆላው ጥጥ ያበቅላል፤ ማጀቴ ከተማ የነበረችው አያቴም ጥጧን ገዝታ ጓዳዋ ታስገባለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትዘረጋውና መዳመጫውን፣ ያችን ቀጭን የብረት ዘንግ፣ በሁለት እጇ ወደፊት ታንከባልላለች። ፍሬው ከፊት እየተፈለቀቀ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፣ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል። ለድር የሚሆነው ጠበቅ፣ ለማግ የሚሆነው ላላ ይላል። የድሩ ልቃቂት በአንድ እንቅብ፣ የማጉ በሌላ ይቀመጣል። ዛሬ ለሸማኔዎች በምሰጠው ሥልጠና ላይ ክምችትን ጥሬ ዕቃ፣ በሂደት ላይ ያለና ያለቀለት ምርት ብለን በሦስት እንከፍላለን፤ በእሷ ጓዳ በሂደት ላይ ያለው ብቻውን ስንት ደረጃ ነበረው!

ሸማኔ ቤት የሚሄደው ልቃቂቱ ተቆጥሮ ነው። ሸማኔው እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይሠራል፣ ጋቢውን ወይም ኩታውን ያስረክባል፣ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። የተረፈ ክር ካለ ይመለሳል። የሽመና ዕቃው እንጂ ክሩ የእሱ አልነበረም።

ለገበያ የሚሸመንም ነበር። በሽመናና በንግድ የታወቁት አርጎባዎች ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ላይ ይገበያዩ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ያረፈው እዚያው ነው። የዓርቡ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ ሳይቀር ነጋዴ ይስብ ነበር። መገበያያው ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ እርጥበት ካገኘው ይሟሟል፣ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ገንዘቡ ራሱ እንደ መጋዘን ዕቃ ጥንቃቄ ይሻ ነበር።

የክሩን ባለቤትነት የለወጠው የፋብሪካ ድር ነው። መጀመሪያ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ኋላም በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራውን የባሕር ዳሩን ጨምሮ አገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ብዙ ሸማኔ ድሩን በራሱ ገንዘብ መግዛት ጀመረ። ክር ሲከምር ገንዘቡ ይታሰራል፣ ሳይገዛ ሲቀር ሥራው ይቆማል፤ በሰው ክር ይሠራ የነበረው አባቱ ይህ ሐሳብ አልነበረበትም። ሸማኔ ሒሳብ አያውቅም የሚሉ አሠልጣኞችን የማልቀበላቸው ለዚህ ነው። ሸማኔው ትውልድ ሙሉ የሰው ንብረት ተረክቦ ሲያስረክብ ኖሯል፤ ለእሱ አዲስ የሆነበት የራሱን ክምችት መቁጠር ነው።

ዛሬም ማግ ይዛ የምትመጣ ደንበኛ አለች። የእሷን ክር ከገዛው ድር ጋር ደምሮ የቆጠረ ሸማኔ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ 30 ላይ የሌለውን ሀብት አለኝ ይላል። ስለዚህ ለሚማሩት ሁሉ ሁለት የክምችት ካርድ አስከፍታለሁ፤ አንዱን በሸማኔው ስም፣ ሌላውን ክሩን ባመጣችው ሴት ስም።